ያልተቆጠረች መንገደኛ

በ2005 ዓ.ም.፣ በወርኃ ጥር መጨረሻ፣ አንድ እሑድ ማለዳ ነው። የባሕር ዳር ወደብ ገና ጎህ ሳይቀድ በሰው ተሞልቷል። ጣና በዚያ ሰዓት ጸጥ ያለ ነው፤ ነፋሱ አልነቃም፤ ውሃው የንጋቱን ሰማይ ተቀብሎ ግራጫ ሆኖ ተዘርግቷል። ከዘጌ በኩል ማገዶ የጫኑ የደንገል ታንኳዎች አንድ በአንድ ወደ ዳር ይጠጋሉ። መንገደኛው ልዩ ልዩ ነው። ጨውና ሳሙና፣ ሚስማርና ላምባ ሸምቶ ወደ ደሴቱ የሚመለስ ባላገር አለ፤ የእህል ነጋዴ አለ፤ ቢጫ ቆብ የደፉ መነኩሴ አሉ፤ እግሯ የታሰረ ዶሮ በብብቷ የያዘች ሴት አለች።

ከእነዚህ መካከል አንድ ባልና ሚስት ቆመዋል። ባል በከተማው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነው። ሚስት ነርስ ናት። የሰባት ወር ልጇን በአንቀልባ አዝላለች። የሕፃኗ ጓዝ የእናትና የአባቷ ጓዝ ተደምሮ ከሚመዝነው በላይ ይመዝናል፤ ሁለት ፔርሙስ የፈላ ውሃ፣ 18 የሽንት ጨርቅ፣ አጎበር፣ ሲባጎና ሚስማር፣ የአጥሚት ዱቄት፣ የሙቀት መለኪያ፣ ሦስት ቆብ፣ ጃንጥላ፣ አንድ ወፍራም ጋቢ። መምህሩ ይህን ሁሉ በደብተር ላይ በተራ ቁጥር አስፍሮ፣ የገባውን ዕቃ የተማሪ ፈተና እንደሚያርም ሰው በቀይ እስክሪብቶ ምልክት እያደረገበት ነው ያደረው። ዕቃው በጠቅላላው 24 ዓይነት ነበር። አንድም አልጎደለም።

ከትኬት ቆራጩ መስኮት ሲደርስ ሁለት ትኬት ተቆረጠለት፤ የሁለት ሰው ስምም በመንገደኞች መዝገብ ላይ ተጻፈ።

«ሕፃኗስ?» ሲል ጠየቀ።

«የታቀፈ ልጅ ትኬት የለውም» አለው ቆራጩ፣ ቀና ሳይል።

መምህሩ ገንዘብ ስለተረፈለት ደስ እያለው ወደ መርከቧ ተራመደ። በዚያ መስኮት የተነገረችው አጭር ቃል ቀኑ ሳይመሽ እንደምትመለስበት አላወቀም።

* * *

ጉዞው ገና ሲታሰብ በቤት ውስጥ ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር በአስፋልት 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጎንደር እስከ ጎርጎራ ደግሞ ከ60 ኪሎ ሜትር ብዙ አይርቅም። ማልዶ የተነሣ መንገደኛ በአንድ ቀን ይደርሳል። መርከቧ ግን በዚያን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ማለዳ ተነሥታ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እያዳረሰች፣ ሌሊቱን ቁንዝላ አሳልፋ፣ ጎርጎራ የምትገባው ሰኞ ነው። በአንድ ቀን የሚያልቀውን የየብስ መንገድ ትቶ ሕፃን ይዞ ሁለት ቀን በውሃ ላይ መንሳፈፍ ምን ይባላል?

የመምህሩ እናት ጥያቄውን ሳያለዝቡ ነበር ያቀረቡት። የመንዝ ደጋ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን አራስ ጠይቀው ሊመለሱ መጥተው የልጅ ልጃቸው ፍቅር አስቀርቷቸዋል። «ልጄ፣ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» አሉት። «እኛ ባገራችን ወንዝ ሲሞላ ልጅ ያዘለች ሴት አናሻግርም። እናንተ ባሕር ልታሻግሯት ነው?» መምህሩ አፍ አውጥቶ አልደገፋቸውም እንጂ በልቡ ከእናቱ ጋር ነበር። ዋና አያውቅም። በባሕር ዳር ስምንት ዓመት ሲኖር ውሃውን የሚያውቀው ከዳር ቆሞ በማየት ብቻ ነው።

ሚስቲቱ ግን የምትሄድበት ምክንያት ነበራት። ተወልዳ ያደገችው ጎርጎራ ነው። አባቷ ዕድሜያቸውን በጣና መርከቦች የሞተር ክፍል ውስጥ ያሳለፉ መካኒክ ነበሩ። ልጃቸው ማርገዟን የሰሙ ቀን በስልክ ያሏት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጁን በመኪና እንዳታመጪው። በውሃ አምጪው፤ እኔ ወደብ ላይ ቆሜ እቀበለዋለሁ።» ሕፃኗ ልትወለድ ሁለት ወር ሲቀራት አረፉ። እርጉዝ ናትና መንገድ ይጎዳታል ተብሎ ልጃቸው በቀብራቸው ላይ አልተገኘችም። ከዚያም ምጥ፣ ከምጥም በኋላ አራስነት፣ ከአራስነትም በኋላ ሥራ እየተደራረበ፣ የአባቷን መቃብር ሳታይ፣ ከእናቷም ጋር ተቃቅፋ ሳታለቅስ ዘጠኝ ወር አለፈ። እንግዲህ ይህ ጉዞ ለሕፃኗ የመጀመሪያው የመርከብ ጉዞ ሲሆን፣ ለእናቲቱ ዘግይቶ የሚደርስ ለቅሶ ነበር።

ይህን ሲሰሙ አማቷ ዝም አሉ። ቀጥለውም «የሟች ቃል ከሆነ ምን ይደረጋል» ብለው ከሣጥናቸው አዲስ ነጠላ አውጥተው ለልጅ ልጃቸው የፀሐይ መከለያ እንዲሆን ሰጡ። ይህ ነጠላ በመምህሩ ደብተር ላይ 25ኛ ዕቃ ሆኖ ተመዘገበ።

* * *

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ስፋቱም ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ ነው። ከደቡብ እስከ ሰሜን ያለው ርዝመት ከ80 ኪሎ ሜትር አያንስም። ከዚህ ሁሉ ስፋቱ ጋር ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙ አያልፍም። ጥልቀቱ ማነሱ ግን ለመንገደኛ ማጽናኛ አይሆንም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲመታው ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል፤ መርከብን ቀስ አድርጎ እንደማወዛወዝ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ማለዳ የማይነቃነቀው ሐይቅ ከቀትር በኋላ የሚታወከው ነፋሱ በዚያን ሰዓት ስለሚነሣ ነው። የሐይቁ ሰዎች ይህን ከማንም መጽሐፍ ሳይማሩ ያውቁታል።

መርከቧ ድምጿን ከፍ አድርጋ ከወደቡ ተላቀቀች። ሕፃኗ ከአንቀልባዋ አንገቷን አውጥታ ወደ ኋላ የሚሸሸውን የብስ፣ ከመርከቧ ሥር የሚፈላውን አረፋ፣ በላይዋ የሚያንዣብቡትን ነጫጭ የውሃ አእዋፍ ተራ በተራ አየች። የሰባት ወር ሕፃን ባሕርን ከገበቴ ውሃ አይለይም፤ ሁለቱም ያብረቀርቃሉ፤ ሁለቱንም በእጁ ሊመታቸው ይወዳል። ፍርሃት ከዚያ በኋላ በትምህርት የሚመጣ ነገር መሆኑን መምህሩ ከልጁ ፊት ላይ አነበበ።

ዘጌ ሲደርሱ ብዙ ሰው ወረደ፤ ጥቂት ሰው ተሳፈረ። የዘጌ ልሳነ ምድር በቡናና በጥንታውያን ገዳማቱ የታወቀ ነው፤ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለሚያድግ ደኑ እስከ ውሃው ጠርዝ ይወርዳል። በመርከቧ ጎን ታንኳዎች ተሰለፉ። አንዲት ሴት ሎሚ የሞላ ቅርጫት ወደ ላይ ስትዘረጋ፣ ሚስቲቱ «እንኳን ቀዛፊው፣ ታንኳዋም ታርፋለች» አለች ለባሏ። አባቷ ነበሩ ያስተማሯት። ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳ ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥታ በፀሐይ መድረቅ አለባት፤ ሳትደርቅ በተከታታይ የምትሠራ ታንኳ ዕድሜዋ አጭር ነው። መምህሩ ሚስቱ ስለ አባቷ ስትናገር ሲሰማ ከወራት በኋላ የመጀመሪያው ነበር።

ከዘጌ ወጥተው ሰፊው ውሃ ውስጥ ሲገቡ አንድ ሽማግሌ መርከበኛ ወደ እናቲቱ ቀረቡ። ካኪ ኮታቸው በዘይት የጠቆረ ነው። ለረጅም ጊዜ ትኩር ብለው ካይዋት በኋላ፣

«አንቺ የመካኒኩ ልጅ አይደለሽምን?» አሏት።

«ነኝ አባባ።»

«ይህችስ?»

«የልጅ ልጃቸው ናት።»

ሽማግሌው ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወደ ሞተር ክፍሉ የሚያወርደውን በር ከፍተው ገለል አሉላት። ድምፁ ለሕፃን ጆሮ ስለሚበረታ እናቲቱ ጠጋ አላለችም፤ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች። ከታች የዘይትና የጋለ ብረት ሽታ ወጣ። አባቷ ማታ ማታ ወደ ቤት ይዘውት ይገቡ የነበረው ሽታ ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ድምፅ ሳታሰማ እያለቀሰች ቆየች። በጀርባዋ ያለችው ሕፃን መጀመሪያ ደንገጥ አለች፤ ከዚያም የወለሉ ንዝረት በእናቷ ጀርባ አልፎ ሲደርሳት ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ተኛች። ሽማግሌው በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

* * *

ወደ ደቅ ሲቃረቡ መምህሩ በተማሪነቱ ዘመን ያየውን አንድ ሥዕል ለሚስቱ ነገራት። ከደቅ ጋር በተያያዘችው ናርጋ የሚገኘውን የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠራችው በ18ኛው ምዕተ ዓመት የነበረችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። ልጇ ኢያሱ በሕፃንነቱ ሲነግሥ መንግሥቱን የያዘችው እርሷ ነበረች። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ማርያም ልጇን ታቅፋ ተሥላለች፤ ከሥሯም ያች ኃያል ንግሥት በምድር ላይ ተደፍታ ትታያለች። ሠዓሊው ሥልጣን ያላትን ከእግር ሥር፣ ገና አፉን ያልፈታውን ሕፃን ከመካከል አድርጎ ሥሎታል። መምህሩ ተማሪ ሳለ ይህን የሃይማኖት ሥርዓት ብቻ አድርጎ አይቶት ነበር። አባት ከሆነ በኋላ ግን የቤቱ ሁኔታም ከዚህ የተለየ አለመሆኑን ሲያስበው ሣቀ። ሰባት ኪሎ የማትሞላ ፍጥረት የሁለት ደመወዝተኞችን እንቅልፍ፣ ምግብና ንግግር ታስተዳድራለችና።

ደቅን ለቀው ወደ ቁንዝላ አቅጣጫ ሲያመሩ ግን ሣቁ ጠፋ። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነፋሱ ተነሣ። ውሃው መጀመሪያ ተሸበሸበ፤ ከዚያ ነጭ አናት ያለው ማዕበል በጎን በኩል ይመታ ጀመር። ዶሮዎቹ ጮኹ። ጆንያ ተንሸራቶ ወደቀ። መነኩሴው መቋሚያቸውን አስተካክለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መምህሩ የመርከቧን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ቁርሱን ለሐይቁ መለሰ።

ሕፃኗ ግን አልታወከችም። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጉዞ ማቅለሽለሽ የሚያዘው ከስንት አንዴ መሆኑን እናቲቱ በሙያዋ ታውቃለች። አዋቂን የሚያሳምመው ዓይኑ ‹ቆመሃል› ሲለው የውስጥ ጆሮው ‹ትንቀሳቀሳለህ› ስለሚለው ነው፤ ሕፃን ግን መሸከምን፣ መወዛወዝንና መዘለልን ገና እንደ ተፈጥሮው አድርጎ የሚኖር ነው። ስለዚህ አባት 25 ዕቃ አዘጋጅቶ ለልጁ ሲጨነቅ ከርሞ፣ ለራሱ ግን አንዲት ሎሚ ሳይይዝ ቀርቶ ነበር።

መርከበኞቹ ብርቱካናማ ሕይወት አድን ጃኬቶችን ከሣጥን አውጥተው ያድሉ ጀመር። ሁሉም እየተቀበለ አጠለቀ። መምህሩም ሁለት ተቀብሎ አንዱን ለሚስቱ ሰጠ፤ ሦስተኛውን ጠይቆ በልጁ ላይ አጠለቀላት። ጃኬቱ ከራሷ እስከ እግሯ ዋጣት። ማሠሪያውን የመጨረሻውን ያህል ቢያጠብቀውም ሕፃኗ በሥሩ በኩል ሹልክ ብላ ወጣች። ሁለተኛ ሞከረ፤ እንደገና ሹልክ አለች። ጨዋታ መስሏት ሣቀች።

«የሕፃን የለም?» ሲል አንዱን ወጣት መርከበኛ ጠየቀው።

«የለም።»

«እንዴት አይኖርም?»

ወጣቱ ግራ እንደ ተጋባ ሰው ቆሞ አየው። «እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም» አለ።

መምህሩ ጮኸበት። በክፍል ውስጥ ተማሪ ላይ ጮኾ የማያውቅ ሰው በመንገደኛ ፊት ጮኸ። ያን ጊዜ ሽማግሌው መርከበኛ መጥተው በሁለቱ መካከል ቆሙ። «መምህር፣ ልክ ነህ» አሉት በለሆሳስ። «እኔም አራት ልጆቼን በዚህችው መርከብ አመላልሻለሁ። አልጠየቅሁም።»

ከዚህ በኋላ መምህሩ የሚያውቀውን አንድ ሥራ መሥራት ጀመረ፤ ቆጠረ። ዓይኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞረ። በጀርባ የታዘሉ ሦስት፣ ጡት የሚጠቡ ሁለት፣ በአያቷ ጭን ላይ የተኛች አንዲት፣ የራሱ ልጅ አንዲት፤ ሰባት። በደቅ ወጪና ገቢው ተስተካክሎ በመዝገቡ ላይ 96 መንገደኛ ነበር። በመርከቧ ላይ ግን 103 ነፍስ ነበር። ‹የታቀፈ ልጅ ትኬት የለውም› ያለው የቆራጩ ቃል ትዝ አለው። ትኬት ያልተቆረጠለት አልተጻፈም፤ ያልተጻፈው አልተቆጠረም፤ ላልተቆጠረው ደግሞ ማንም ጃኬት አልገዛለትም። ማለዳ የተረፈችለት ገንዘብ ዋጋዋ ይህ ነበር። ስሌቱ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ አስቸጋሪ አይደለም፤ ነገር ግን እርሱም ማለዳ ደስ ብሎት አልፎታል።

በዚህ መካከል አንዲት አሮጊት እጃቸውን ዘረጉ። «አንተ ልጅ፣ አንተ ራስህ ታመሃል። ወዲህ አምጣት» ብለው ሕፃኗን ተቀበሉት። ማንም ሳያዛቸው ልጅ የያዙት ሴቶች ሁሉ ወደ መርከቧ መካከል ተሰበሰቡ፤ በወለሉ ላይ ዝቅ ብለው ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ ሕፃናቱን ከውስጥ፣ ጀርባቸውን ለነፋሱ አደረጉ። እናቲቱም ከእነርሱ ጋር ተቀመጠች። የመንዙ ነጠላ በብዙ ልጆች ላይ ተዘረጋ። ነጋዴው ጆንያዎቹን አንሥቶ ዙሪያቸውን ደገፈላቸው። ከፍቅር አንጻር ሲታይ የጎደለ ነገር አልነበረም። መምህሩን እስከ ዕለተ ሞቱ የሚከተለው ትዝታ ግን ሌላ ነው፤ ያ ሁሉ ፍቅር ውሃ ላይ አይንሳፈፍም ነበር።

* * *

መምህሩ ኋላ ላይ ከመጻሕፍት እንደተረዳው፣ በዓለም አቀፍ ባሕር ላይ የሚመላለሱ የመንገደኛ መርከቦች ይህን ነገር የሚያዝ ሕግ አላቸው። ሕጉ የተጀመረው ታይታኒክ ከሰመጠች በኋላ በ1914 እ.ኤ.አ. በተደረገ ስምምነት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ተሻሽሏል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጉዞው ከ24 ሰዓት የሚያንስ ከሆነ ከመንገደኛው ቁጥር ቢያንስ ለ2.5 በመቶ፣ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ በመርከቧ ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ የሕፃን ጃኬት እንዲኖር ያዛል። ረዘም ባለ ጉዞ የመንገደኛው ስም ሲመዘገብም አዋቂው፣ ልጁና ሕፃኑ ተለይተው እንዲጻፉ ያስገድዳል። ሕጉ የተጻፈው ለባሕር እንጂ ለሐይቅ አይደለም። የውሃ ጠባይ ግን በባሕርና በሐይቅ አይለይም።

የሕፃን ጃኬት የአዋቂው ጃኬት ታናሽ ቅጅ አይደለም። ሕፃን ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ስለሆነ፣ ከኋላ ጭንቅላቱን ደግፎ ፊቱን ወደ ሰማይ የሚመልስ ሰፊ አንገት አለው፤ ከሥር እንዳይሾልክ በጭኖቹ መካከል የሚያልፍ ማሠሪያ አለው፤ ሰው ከውሃ ውስጥ በአንድ እጁ መንጥቆ እንዲያወጣው ከኋላ መያዣ አለው። ይህን የሠራው ሰው ልጅ የወደደ ብቻ ሳይሆን ልጅ የለካ ሰው ነው።

* * *

ወደ ማታ ላይ ቁንዝላ ደረሱ። ነፋሱ እንደ አመጣጡ ሄደ። ካረፉበት ቤት የነበሩት ባልቴት አጎበሩን በሲባጎ ከጣሪያው ወጋግራ ጋር አስረው ሰቀሉ፤ ሚስማር አላስፈለገም። የጣና ዳርቻ ወባ ያለበት በመሆኑ እናቲቱ የአጎበሩን ጠርዝ ከፍራሹ ሥር ዙሪያውን አስገባች። ሕፃኗን ያጠበቻትም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ነው፤ በሐይቁ ዳር ብልሃርዝያ ስለሚገኝ በጥሬው ውሃ ልታጥባት አልፈቀደችም። ሕፃኗ ጡቷን ጠብታ ተኛች። ባልና ሚስት ግን ብዙ ሰዓት ሳይተኙ ቆዩ።

«በዚያ ወጣት ላይ መጮኽ አልነበረብኝም» አለ መምህሩ።

«አልነበረብህም» አለች። ቆይታም «አባቴም ያን ሁሉ ዘመን ሲሠሩ አልጠየቁም ማለት ነው» አለች። መምህሩ መልስ አልሰጣትም።

ሰኞ ጎርጎራ ታየች። አፄ ሱስንዮስ በ17ኛው ምዕተ ዓመት መቀመጫው ያደረጋት፣ ኢጣልያኖችም በወረራው ዘመን ወደብ የሠሩባት ስፍራ ናት፤ በሣር ክዳን የተሸፈነችው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከሐይቁ ዳር አለች። እናቲቱ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላየችም። ያየችው በወደቡ ጫፍ ላይ ጥቁር ለብሰው ለብቻቸው የቆሙ አንዲት ሴትዮ ነው። አባቷ እቆማለሁ ባሉበት ቦታ እናቷ ቆመዋል።

መሬት እንደ ረገጡ ዘጠኝ ወር የቆየው ለቅሶ ወጣ። እናትና ልጅ አንገት ላንገት ተቃቅፈው ሟቹን በስማቸው፣ በሙያቸው፣ በመርከቧ እየጠሩ አለቀሱ። ከመርከቧ የወረደው መንገደኛ ጓዙን አስቀምጦ አብሮ አለቀሰ፤ ሽማግሌው መርከበኛም ባርኔጣቸውን አውልቀው ከኋላ ቆሙ። በሁለቱ ደረት መካከል የተያዘችው ሕፃን ግን የአያቷን ጥቁር ነጠላ በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችው። ከራሳቸው ላይ ወለቀ። አያቲቱ ቀና ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ አዩዋት።

«በውሃ መጣሽ?» አሏት።

* * *

በጎርጎራ በቆዩባቸው ቀናት መምህሩ ደብዳቤ ጻፈ። የመጀመሪያው ረቂቅ ሦስት ገጽ ነበር፤ ቁጣ የበዛበት ነው። ሚስቱ አንብባ ሁለቱን ገጽ ቀደደቻቸው። የቀረው አንድ ገጽ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ አንደኛ፣ በመርከቧ የሚሳፈር ሕፃን ሁሉ ያለ ክፍያም ቢሆን በመዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ሁለተኛ፣ በተጻፈው ቁጥር ልክ የሕፃን ሕይወት አድን ጃኬት ይቅረብ። ሕዝብ ልጁን አይወድም ብሎ የሚከስ ቃል በደብዳቤው ውስጥ አልነበረም። እንዲህ ያለ ክስ ሐሰት እንደሚሆን በመርከቧ መካከል የተሠራው ክብ ምስክር ነበርና። የጎደለው ያ ክብ ወደ መዝገቡ አለመድረሱ ነው።

ሐሙስ ማለዳ መርከቧ ወደ ባሕር ዳር ስትመለስ ደብዳቤውን ለሽማግሌው መርከበኛ ሰጣቸው፤ ለበላዮቻቸው እንዲያደርሱለት ለመናቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው በኮታቸው የውስጥ ኪስ አኖሩት። ምንም አላሉም። መምህሩም ነገሩ በዚያው ኪስ ውስጥ የሚቀር መስሎት አዘነ።

መርከቧ ከወደቡ ርቃ ጥቂት እንደ ሄደች ግን ሽማግሌው የመንገደኞችን መዝገብ በብብታቸው ይዘው፣ እስክሪብቶ በጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ከመቀመጫ መቀመጫ ሲዞሩ ታዩ። ልጅ ካዘለች ሴት ዘንድ ሲደርሱ ጎንበስ ይላሉ። «ስሙ ማነው? ስንት ወሩ ነው?» ይላሉ። ሴቶቹ እየሣቁ፣ አንዳንዶቹም ነገሩ ያስከፍል ይሆን ብለው እየፈሩ ይመልሳሉ። ለዚህ የተዘጋጀ ዓምድ በመዝገቡ ላይ ስላልነበረ፣ ሽማግሌው ከገጹ ግርጌ በባዶው ስፍራ ላይ በእጃቸው መስመር አሰመሩ።

በመጨረሻ ከመካኒኩ ልጅ ዘንድ ደረሱ። የሕፃኗን ስም ጠየቁ፤ ተነገራቸው፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነጠሉ ጻፉት። ከዚያ ደመሩ። መምህሩ አንገቱን አስግጎ አየ፤ «ሕፃናት 5» ይላል።

ጃኬቱ በዚያን ዕለትም አልነበረም። ነፋሱ ከቀትር በኋላ እንደ ልማዱ ሲነሣ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ወደ መካከል ተሰበሰቡ፤ መምህሩም በዚህ ጊዜ በኪሱ ሎሚ ይዞ ከክቡ ውጭ ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ሕፃኗ የሞተሩን ንዝረት እየሰማች ተኝታለች። ስሟ በመርከቧ መዝገብ ላይ፣ ከገጹ ግርጌ፣ ከአራት እኩዮቿ ስም ጋር ተጽፏል።